አገዳውስ?

ባለፈው መስከረም ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስንወጣ፣ የደንገጎን ዳገት ጨርሰን ሐረማያ ሳንደርስ ሾፌሩ እሸት ሊገዛ መኪናውን ዳር አስያዘ። የምትጠብሰውን ሴት የበቆሎው ዘር ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። (በእኛ አካባቢ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ትልቁም ትንሹም “አንተ” ነው።) “አቦ፣ አንተ ደሞ! የመንግሥት ዘር ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ አገዳው ግን ለበሬ አይሆንም” አለችኝና ፊቷን ወደ ከሰሉ መለሰች።

ስለ በቆሎና ስለ አየር ንብረት ለውጥ በየአዳራሹ ብዙ ሲነገር ሰምቻለሁ። “በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል” የማይል ተናጋሪ አላጋጠመኝም፤ አገዳውን ያነሳ ግን አንድም የለም። የሐረርጌ ገበሬ የሚቀርብለትን ዘር ለምን በሙሉ ልቡ እንደማይቀበል ማወቅ የፈለገ ከዚያ ይጀምር ባይ ነኝ።

እዚህ አገር በቆሎ ሰውንም በሬንም ነው የሚያበላው። ገበሬው ሆነ ብሎ አጠጋግቶ ይዘራል፤ ለማያውቀው ዘር ማባከን ይመስላል። ቡቃያው ከፍ ሲል እየነቀለ ያሳሳዋል፤ የነቀለውን ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ለታሰረው በሬ ያቀርባል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያሳሳል። ኋላ የታች የታቹን ቅጠል ይመለምላል፤ የበቆሎው ራስ ከተቆረጠ በኋላ አገዳው ለበጋው ይከመራል፤ የተረፈው ማገዶ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የሚጠራው የሐረር ሰንጋ የሚሰባው እንዲህ በእጅ እየጎረሰ ነው። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ በሬ የሚለቀቅበት መስክ የለም፤ ግጦሹ ማሳው ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ከድቶ በቆሎው ፍሬ ሳይቋጥር ቢቀር እንኳን ገበሬው ፈጽሞ ባዶ እጁን አይቀርም፤ አገዳው በሬ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ስለ ሰብል ኢንሹራንስ ለሚያስተምሩት ሁሉ፣ እሱ የራሱን ከዘራ ቆይቷል።

ዝናቡ ግን ፀባዩን ቀይሯል። የምሥራቁ ገበሬ ረጅሙን ማሽላና በቆሎ በበልጉ ዝናብ፣ ሚያዝያ ገደማ ይዘራል። ሰኔ ላይ የሚመጣውን ደረቅ ጊዜ ሰብሉ ችሎ ካለፈለት በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ያድጋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሰበሰባል። በልጉ ከዘገየ ወይም ክረምቱ ቀድሞ ከወጣ ስሌቱ በሙሉ ይፈርሳል። በ2007 ሁለቱም ከዱ። በማግሥቱ ዓመት በአገሪቱ የምግብ ርዳታ ፈላጊው ከ10 ሚሊዮን ሲያልፍ፣ ሁለቱ ሐረርጌዎች፣ ምሥራቁም ምዕራቡም፣ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነበሩ።

ማሽላ ድርቅ ሲመታው ባለበት ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝናብ ሲመለስ ይቀጥላል። በቆሎ ይህ ትዕግሥት የለውም። ወንዴ አበባው ወጥቶ ራሱ ፀጉር በሚያወጣባቸው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውኃ ካጣ ፀጉሩ ይዘገያል፣ ብናኙ ቀድሞት ያልቃል፣ ቆረቆንዳው ባዶውን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዶፍ ቢወርድ አይመልሰውም። ታዲያ ለምን ይዘራዋል? የቤቱ እህል ባለቀበት ወቅት፣ ማሽላው ገና ሳይደርስ፣ እሸቱ ስለሚደርስለት ነው። ወፍም እንደ ማሽላው አይፈጀውም።

ሳይንሱ መልስ አላጣም። ለዝናብ አጠር ቦታ የወጣው የበቆሎ ዘር፣ መልካሳ-1፣ በ90 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ የምዕራቡን ዝናብ የለመደው ድቅል ዘር፣ ቢኤች-660፣ ግን 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። መልካሳ-1 ድቅል ስላልሆነ ገበሬው ከራሱ ምርት ዘር ሊያስቀር ይችላል። ጥሩ ዘር ነው። ግን ቶሎ የደረሰ በቆሎ ቁመቱ አጭር፣ አገዳውም ትንሽ ነው፤ ኩንታሉን ያተረፈ በሬውን ያከስራል። ጠባሿ ያለችው ይህንኑ ነው።

ገበሬው ስለዚህ አንዱን መርጦ ሌላውን አይጥልም። ረጅሙን በሚያዝያ ይሞክራል። ካልበቀለለት ሰኔ ላይ ማሳውን ገልብጦ አጭሩን ይዘራል። እሱም ካልሆነ ቦሎቄ፣ ስኳር ድንች። አጭሩ ዘር በመጋዘን መጠበቅ ያለበት ለዚያች ሰኔ ነው፤ ሚያዝያ ላይ “ረጅሙን ተውና ይህን ዝራ” ማለት በሬህን ሽጥ ማለት ነው።

“መስኖስ?” የሚል አይጠፋም። ሐረማያ ሐይቅን ያየ ሰው ቶሎ አዎ አይልም። ሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት ዋለበት። ከተራራው የታጠበው አፈርም ሞልቶታል፤ ግን በዙሪያው ጫትና አትክልት የሚያጠጣው ፓምፕ የለበትም የሚል የለም። ውኃው በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። ፓምፖቹም አብረው እንዳይመለሱ እሰጋለሁ።

እኛ የድሬ ሰዎች ደግሞ ይህን የገጠር ወሬ ነው ብለን ማለፍ አያምርብንም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲበላ ውኃው የወረደው ከእነዚሁ ተራሮች ነው። ትልሙን በየጥቂት ርምጃው በአፈር እያሰረ ዝናቡን እዚያው የሚያስቀር ገበሬ በቆሎውን ሲያድን ለእኛም ይተርፋል። ትልሙን የሚያወጣው በሬ ነው፤ በሬውን የሚያበላው አገዳ።

ተመራማሪዎች አገዳውን ይመዝኑት ይሆናል፤ ገበሬው ጆሮ የሚደርሰው ግን ኩንታሉ ብቻ ነው። መስከረም ላይ የመስክ ቀን ሲዘጋጅ እንግዶቹ ትልቁን የበቆሎ ራስ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። ሚዛኑ እዚያው ነው። አንድ ጊዜ አገዳውንም አስረው ይስቀሉት፤ ከዚያ አንዱን ባለ በሬ ጠርተው “ይህ ስንት ቀን ይበቃሃል?” ብለው ይጠይቁት።