ከኮንታክስ በፊት እነዚህንም እዩ

ስለ ትንንሽ የፊልም ካሜራዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጸሐፊው ከሁሉም ኮንታክስ ቲ2ን አንደኛ አድርገውታል። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም። ሌንሱ ግሩም ነው፤ የካርል ዛይስ ዞናር፣ 38 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2.8 (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃንም ያስገባል)። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ካሜራው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክስ ነው የሚሠራው። እሱ አንዴ ከተበላሸ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነው። ያን ሁሉ ብር ከፍሎ እንዲህ መሆን ያሳዝናል።

እኔ ለዓመታት ከኪሴ ያልለየሁት ኦሊምፐስ ኤክስኤን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ፣ ዮሺሂሳ ማይታኒ የነደፈው። ፎከሱን ራስህ ነህ የምታስተካክለው። በመመልከቻ መስኮቱ ሁለት ምስል ይታይሃል፤ ከሌንሱ ሥር ያለችውን ማንሻ በጣትህ ገፋ እያደረግክ አንድ ላይ ስታመጣቸው አለቀ። የ35 ሚሊሜትር ሌንሱ በኤፍ 2.8 ሲከፈት ጥግ ጥጉ ይጨልማል። ኤፍ 5.6 ላይ ግን ጥርት ይላል። እንዲያውም የሰው ፊት ሳነሳ ያን ጥላ እወደዋለሁ፤ ዓይን ወደ መሃል ይሄዳል።

ሮሌይ 35 አለመጠቀሱ ደግሞ ቆጨኝ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴል ቴሳር ሌንስ ኤፍ 3.5 ነው፣ ርቀቱንም በዓይን መገመት አለብህ። ቤት ውስጥ ያስቸግራል። ግን ባትሪው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ባትሪ ባይኖርም ፎቶ ያነሳል። ጥሩ እጅ ያለው ጠጋኝ ካገኘ ዛሬም ይታደሳል።

ኦሊምፐስ ሚዩ 2 ለጀማሪ ይመቻል። ፍላሽ የማትፈልጉ ከሆነ ግን ካሜራውን በከፈታችሁት ቁጥር ፍላሹን አጥፉት፤ ካሜራው ሲዘጋ ፍላሹ ወደ ነበረበት ይመለሳል።