አውሮፕላኑ ሰሞኑንም ተገኘ

እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለን! እ.ኤ.አ. በ2014 ከነተሳፋሪዎቹ የጠፋው የማሌዢያው አውሮፕላን፣ ኤምኤች370፣ ሰሞኑን ደግሞ ተገኘ። እንደ ልማዱ ቀይ ክብ ተከቦበት፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ ተለቆበት በየስልካችን ገባ። «ሳያጠፉት ሼር አድርጉ» ይላል ከሥሩ።

እነዚህን ሶፋ ላይ ተጋድመው የሚመረምሩ ጀግኖች አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ባለሙያ የተባሉት ምን ፈየዱ? በደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስ 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ወለል ሲያስሱ ከርመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በ2018 የወጣው የማሌዢያ የምርመራ ሪፖርትም «ምክንያቱን ማወቅ አልተቻለም» ብሎ አረፈው። አልተቻለም? የኛ ሰው እኮ ስልኩ ቻርጅ ሳይሞላ ይደርስበታል!

ከሁሉም አንጀቴን ያራሰኝ የካምቦዲያው ነው። አንዱ ጎበዝ የሳተላይት ካርታ ሲጎረጉር ጫካ መሃል ነጭ አውሮፕላን አየ። ደግሞ እንዴት ያለ አውሮፕላን! ክንፉ አልተሰበረ፣ ጭራው አልተነቀለ። ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝም ቦይንግ 777 ከሰማይ ሲወርድ ዛፎቹ ገለል ብለው አሳልፈውታል መሰለኝ፣ አንድም የወደቀ ግንድ የለም። ስንት ክረምት ሲዘንብበት ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ሐረግ እንኳ አፍሮ አልተጠመጠመበትም። ሳተላይት ከላይ ሲያነሳ፣ በመሃል የሚበር አውሮፕላን ሁሉ ዛፍ ላይ የተኛ ይመስላል ብትሉት ይስቅባችኋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ምስሉ ታድሶ አውሮፕላኑ ከካርታው ሲጠፋማ የባሰ ነው፦ «አላልኳችሁም? አነሱት!»

የአሜሪካ ጦር ሰፈር ያለባት ዲዬጎ ጋርሲያ ደሴት ነው፣ ካዛክስታን ነው፣ ብላክ ሆል ውጦታል የሚሉትን ቦታ ስለጠበበኝ አልፌያቸዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። በጁላይ 2015 ሬዩኒየን ደሴት ዳርቻ የተገኘውና የፈረንሳይ መርማሪዎች የዚያው አውሮፕላን መሆኑን ያረጋገጡት የክንፍ አካልስ? እሱማ «አምጥተው የጣሉት» ነው። ስብርባሪ ከሌለ «የታለ ማስረጃው?»፣ ከተገኘ ደግሞ ሴራ።

እዚያ ውስጥ እኮ 239 ሰው ነበር! እናት፣ አባት፣ ልጅ ዛሬም ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጡላቸው ሰዎች። «ተሳፋሪዎቹ በሕይወት አሉ» የሚል ርዕስ ለጥፎ እይታ የሚለቅም ሰው ያ ርዕስ የማን እጅ እንደሚገባ አንዴ እንኳ አያስብም? ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። በማርች 2025 ማሌዢያ ፍለጋው እንዲቀጥል ከአንድ ባሕር አሳሽ ኩባንያ ጋር የተስማማችው «ካላገኘህ አልከፍልህም» ብላ ነው፤ ካገኘ ግን 70 ሚሊዮን ዶላር። እንግዲህ ይህ ኩባንያ በለስ ቀንቶት እውነተኛውን አውሮፕላን ቢያገኘው፣ በየሳምንቱ እያገኘልን የሚያድር የስንቱ ሰው እንጀራ ሊዘጋ ነው!