በር ማንኳኳት ሰለቸኝ!

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ስንት በር እንዳንኳኳሁ እኔና ጉልበቴ ነን የምናውቀው። ለአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት የተወካዮች ምክር ቤት ለሚወዳደር እጩ ነው የምቀሰቅሰው። አንዲት እናት በሩን ገርበብ አድርገው፣ የቡናው ሽታ እያወደኝ፣ «የኔ ልጅ፣ ምርጫው አምና አለቀ አይደል እንዴ?» አሉኝ።

ምን ልበል! የዚህ ምክር ቤት 100ው መቀመጫ በየ2 ዓመቱ፣ ያውም ዓመቱ በጎዶሎ ቁጥር ሲያልቅ ነው የሚመረጠው። ቴሌቪዥኑ ስለ ዋይት ሀውስ እንጂ ስለዚህ ትንፍሽ አይልም። የአከራይና ተከራይን ሕግ የሚያወጡት ግን እነዚሁ ናቸው!

ድምፅ መስጠት 45 ቀን ቀድሞ ይጀመራል። መልሱ ያው «ጊዜ የለኝም» ነው። ይኸው ሰው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ከሆነ በር ላይ አንድ ሰዓት ገትሮ ያወራኛል። በራሪ ወረቀቱ እጄ ላይ በላብ ራሰ እኮ!