በር ተዘግቶባቸው የሰበኩ ሰዎች

ስለ ሞርሞኖች፣ ማለትም ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን አባላት፣ ደስታ ሲነሳ ሁሉም ዓይኑን የቤተ ክርስቲያኒቱ መቀመጫ ወደሆነችው የአሜሪካ ግዛት፣ ወደ ዩታ ያዞራል። ነጭ ሸሚዝ፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱ ወጣቶች፣ የማይጠፋ ፈገግታ። ብዙ ሰው ፈገግታውን ይጠረጥራል፤ አልፈርድበትም። በ18 ዓመቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ በማያውቀው አገር የሰው በር ሲያንኳኳ የሚውል ልጅ “ደስተኛ ነኝ” ቢል ማን በቀላሉ ያምነዋል? የእምነቱ ተከታይ አይደለሁም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ስለሚያነቡት መጽሐፈ ሞርሞን ብጠየቅ የምሰጠው መልስ አብዛኞቻችሁ የምትሰጡት ነው። ደስታው ግን የውሸት አይመስለኝም። ምንጩን ለማየት ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ካለባት የዩታ ከተማ ከሶልት ሌክ ሲቲ ይልቅ የጋናዋ ኬፕ ኮስት ትሻላለች።

ጆሴፍ ዊልያም ቢሊ ጆንሰን የተባሉ ጋናዊ መጽሐፈ ሞርሞን እጃቸው የገባው በ1964 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አነበቡ፣ አመኑ፣ ወጥተው መስበክ ጀመሩ፤ ጉባኤዎችም አቋቋሙ። የሚሰብኩላት የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ግን በዚያን ጊዜ ጥቁር ወንዶችን ለክህነት አታበቃም፤ ጥቁር ምእመናንንም ወደ ቤተ መቅደሷ ዋና ሥርዓቶች አታስገባም ነበር። ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ደብዳቤ ጻፉ፤ መጻሕፍት መጡላቸው፣ የሚያጠምቅ ሰው ግን አልመጣም። እንዲህ ሆኖ 14 ዓመት አለፈ። በጁን 1978 የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምቦል ክልከላው መነሳቱን ሲያስታውቁ ጆንሰን ወሬውን በሬዲዮ ሰሙ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር እርሳቸውና ተከታዮቻቸው በኬፕ ኮስት ባሕር ዳርቻ ተጠመቁ።

ይህን ታሪክ የደስታ ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚተርክ ሰው ያናድደኛል። ክልከላው በደል ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2013 ባወጣችው ጽሑፍ ክልከላውን ለመደገፍ ይነገሩ የነበሩትን ንድፈ ሐሳቦች እንደማትቀበል አስታውቃለች፤ ለእኔ እጅግ የዘገየ ነው። እነዚያ ጋናውያን ግን ማንም ሳይሾማቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ገና ላልተቀበለቻቸው ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። ይህን ያደረጉት በጥቅም ነው የሚል ካለ ጥቅሙን ያሳየኝ። በ1989 የጋና መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲዘጋና የውጭ ሚስዮናውያንን ሲያባርርም እስከ 1990 መጨረሻ ድረስ በየቤታቸው አመለኩ። በደርግ ዘመን አዳራሻቸው የታሸገባቸው የመሠረተ ክርስቶስ ምእመናን ይህን ታሪክ ማብራሪያ ሳያስፈልጋቸው ይረዱታል።

የዛሬው ሚስዮናዊ ኑሮ የዚያን ያህል ባይከብድም ቀላል አይደለም። ወንዶቹ ለ24 ወራት፣ ሴቶቹ ለ18 ወራት ይሄዳሉ። የሚመደቡበትን አገር አይመርጡም። ደመወዝ የለም፤ እንዲያውም ከፋዩ ራሱ ሚስዮናዊው ወይም ቤተሰቡ ነው፤ በአሜሪካ በወር 400 ዶላር የነበረው መዋጮ በ2020 ወደ 500 ከፍ ብሏል። ከተመደበለት ጓደኛ መለየት አይፈቀድም፤ ቢኳረፉም አብረው ውለው አብረው ያድራሉ። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ከቤተሰብ ጋር በስልክ የሚገናኙት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናና በእናቶች ቀን ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ ተፈቅዷል፣ እናቶችም እፎይ ብለዋል። በዚህ ላይ ቡና አይጠጡም። ጀበናው ተጥዶ፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ “እኛ አንጠጣም” ማለት በአዲስ አበባ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ለአንባቢ አልነግርም።

ይህ ሁሉ ስንት ሰው ለማሳመን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት። በምዕራብ አውሮፓ ተመድቦ አንድም ሰው ሳያጠምቅ ወደ ቤቱ የሚመለስ አለ። ከተመላሾቹ ብዙዎቹ ግን የዕድሜያችን ምርጥ ዓመታት እነዚያ ነበሩ ይላሉ። የደስታው መለኪያ የተጠማቂ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ይህን የሚል አይገኝም ነበር።

ቤተ መቅደሱ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። የእሑድ አምልኮ የሚካሄደው በየሰፈሩ ባለ ጸሎት ቤት ነው፤ ቤተ መቅደሱ እሑድ ዝግ ነው። ለአምልኮ የሚገባው ከመሪዎቹ ጋር ቃለ መጠይቅ አድርጎ የመግቢያ ፈቃድ የያዘ አባል ብቻ ነው። ምእመኑ ከቅድስት አልፎ መቅደስ በማይገባበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ሊያስደነግጠን አይገባም። ውስጡ ሁሉም ነጭ ይለብሳል፣ ስልክ ይዘጋል፣ በሹክሹክታ ይነጋገራል። አሥራ ሁለት የበሬ ሐውልቶች በተሸከሙት ገንዳ ውስጥ አንድ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ይቆማል። የሞተ ሰው ስም ይነበባል፤ ልጁ በሟቹ ምትክ ለመጠመቅ ይጠልቃል፣ ይወጣል፤ ፊቱን ሳያደርቅ ሌላ ስም ይነበባል። መነሻቸው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 15 “ስለ ሙታን የሚጠመቁ” ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንቀጹን እንደ እነርሱ አልተረጉመውም። ይሁንና ተዝካር የሚያወጣ፣ ለሞተ ወገኑ ፍትሐት የሚያስፈታ ሕዝብ በሕያው ድካም ሙት ይጠቀማል በሚለው እምነት የሚስቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የደስታው ምስጢር እዚህ ያለ ይመስለኛል። በሩን የዘጋው ሰው አያመሰግንም፤ ሙትም አያመሰግንም። ብድር የማይመልስ ሰው ያገለገለ ከድካሙ በቀር የሚቆጥረው የለውም፤ ያ ድካም ሰውን እንዴት እንደሚያቀልለው ያየ ያውቀዋል። ጋናውያን እስከ 2004 ድረስ ለዚህ ሥርዓት ለንደን ወይም ጆሃንስበርግ ድረስ መጓዝ ነበረባቸው፤ የቲኬቱን ዋጋ የሚችለውም ጥቂቱ ነው። በዚያ ዓመት የአክራው ቤተ መቅደስ ሲመረቅ ያለቀሱ አዛውንቶች ቢኖሩ አይገርመኝም።

የሚጎረብጠኝ የለም ማለት አይደለም። በናዚ እጅ ላለቁ አይሁድ ሳይቀር ስማቸው እየተነሳ ተጠምቆላቸው፣ ጉዳዩ የአይሁድ ድርጅቶችን አስቆጥቶ በ1995 ድርጊቱ እንዲቆም ስምምነት ተደርጓል፤ ያልጠየቀን ሰው ማገልገልም ልክ አለው። የልጇ ሠርግ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሲፈጸም አባል ባለመሆኗ ውጭ የምትቀመጥ እናትም ኀዘኗ እውነት ነው። ሁለቱን ዓመት ሳይጨርስ በሕመም ወይም በጭንቀት የሚመለስ ወጣትም ከሰፈሩ ሰው ዓይን መሸሸግ ሊያምረው ይችላል፤ ደስታ ግዴታ ሲሆን እንዲህ ነው።

እኛን የሚነካ አንድ ነገር ግን አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ጾመው የምግባቸውን ዋጋ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበና በሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች በኩል ለረሃብተኞች ዋለ። በኢትዮጵያ ያኔ የሚቆጠር አባል አልነበራቸውም፤ እርዳታው የደረሰው ገበሬም ሞርሞን የሚባል ሰው መኖሩን አያውቅም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሌላ ጾም ታወጀ፤ እንደገና ጾሙ፣ እንደገና ሰጡ።