የሐኪሙን ደቂቃ ማን ይቆጥራል?

በምኖርባት ጀርመን የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስንት ባለሙያ ሊኖረው እንደሚገባ የሚወሰነው በተጻፈ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ደንብ በ2020 በአዲስ መመሪያ ቢተካም የስሌቱ መሠረት አልተለወጠም፤ ተኝቶ ለሚታከም ሰው እንደ ሕመሙ ዓይነትና ክብደት በሳምንት ስንት የሐኪምና ስንት የነርስ ደቂቃ እንደሚያስፈልገው ተለክቶ ተቀምጧል፤ ሆስፒታሉም ይህን ማሟላቱን በየሩብ ዓመቱ ያስረዳል። ሁሉም ያሟላል ማለት አይደለም። ሐኪም እዚህም ይጎድላል፣ ባላሟሉት ላይ ሊጣል የታሰበው ቅጣትም ከአንዴ በላይ ተገፍቷል። ቢሆንም ጉድለቱ በቁጥር ተጽፎ ኃላፊ ይፈርምበታል።

ድሬዳዋ በሄድኩበት ጊዜ ዘመዴን አስከትዬ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ይዤ ነበር። ሙቀቱ ሳይበረታ ለመድረስ ከሽንሌና ከመልካ ጀብዱ በማለዳ የተነሡ አስታማሚዎች አግዳሚውን ሞልተውታል። አዲስ ታካሚውም፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም፣ ወርኃዊ መርፌውን ብቻ ተወግቶ የሚሄደውም የሚጠብቁት አንድ በር ነው። ሶማሊኛ ብቻ የሚናገር ወጣት ሲገባ አስተርጓሚ ስላልነበረ ጥበቃው ተጠራ፤ «ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የደረሰው በጥበቃው አፍ፣ በሩም ክፍት እንደሆነ ነው። ወዲያው ሐኪሙ ለድንገተኛ ክፍል ተፈለገና ወረፋው ባለበት ቆመ። ሲስተሯ የምትችለውን ካርድ እያነሣች መድኃኒት የሚቀጥሉትን ማስተናገድ ያዘች።

የሐኪም እጥረቱ የቆየ ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን እስኪጀምር ድረስ የአእምሮ ሐኪም ለመሆን ውጭ አገር ሄዶ መማር ግድ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን ሕክምናም ለረጅም ጊዜ ተሸክመው የቆዩት በአብዛኛው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው።

የእኛ ቤተሰብ ሕመምተኛውን አይጥልም ሲባል እሰማለሁ፤ በግማሹ እስማማለሁ። ይሁንና ተኝቶ የሚታከመውን የምታጎርሰው፣ የምታጥበውና ሌሊቱን የምትጠብቀው እናት እዚህ ጀርመን ደመወዝተኛ ነርስ የሚሠራውን ነው የምትሠራው። ድካሟ በየትኛውም መዝገብ ስለማይገባ የነርሶችን እጥረት ሸፍኖ ያስቀረዋል።

ሪፖርት አገር ቤትም አለ። በወሩ መጨረሻ የታዩት ሕሙማን ተቆጥረው ወደ በላይ አካል ይሄዳሉ፤ ነገር ግን ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሥራው እንደ ተሳካ እንጂ ሐኪሙ ከአቅሙ በላይ እንደ ተጫነ አይነበብም። ተጨማሪ ቅጥር ከመጠየቅ በፊት በዚያው ቅጽ ላይ ሁለት ዓምድ መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ እነዚህን ሕሙማን ያዩት ስንት ባለሙያዎች ናቸው፣ ያዩዋቸውስ በስንት ሰዓት ነው?