የ1829ኙን የካቶሊኮች መብት ዋጋ የከፈሉት ጭሰኞች

የብሪታንያ ፓርላማ ለካቶሊኮች በሩን የከፈተበት ሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1829 ነው። ታሪኩ በተነሣ ቁጥር የአየርላንድ ካቶሊኮች መሪ ዳንኤል ኦኮኔል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዌሊንግተንና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ይወደሳሉ። ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በዚያው ቀን ያጸደቁት፣ የአየርላንድ ድሃ ጭሰኞችን የመምረጥ መብት የነጠቀው ሁለተኛ ሕግ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል። መታለፍ የለበትም።

ካቶሊኮችን ከምክር ቤቱ ያገደው መሐላ ነበር። በ1678ቱ ሕግ መሠረት ወንበር የሚይዝ ሁሉ ኅብስቱና ወይኑ ወደ ክርስቶስ ሥጋና ደም እንደማይለወጥ፣ በሮማ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ድንግል ማርያምንና ቅዱሳንን መማፀንም ሆነ ቅዳሴው ጣዖት አምልኮ እንደሆነ ማወጅ ነበረበት። ይህን የሚል ካቶሊክ የለም። ለምርጫ እንዳይወዳደር የሚከለክለው ሕግ ግን አልነበረም።

ኦኮኔል በጁላይ 1828 በአየርላንድ ክሌር አውራጃ የተወዳደሩት በዚህ ክፍተት ገብተው ነው። 2,057 ድምፅ ለ982 አሸነፉ፤ የተሸነፉት ቬሲ ፊትዝጄራልድ ራሳቸው የካቶሊኮች መብት ደጋፊ ነበሩ። ኦኮኔልን የመረጡት አብዛኞቹ በዓመት 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ይዞታ ያላቸው፣ በ1793 የመምረጥ መብት ያገኙ ድሆች ናቸው። ድምፅ የሚሰጠው በይፋ፣ የመሬቱ ጌታ ወይም ወኪሉ እያየ ስለነበር፣ ጌታውን እምቢ ያለ ጭሰኛ ከመሬቱ ሊነቀል ይችል ነበር።

በ1825 ተመሳሳይ ረቂቅ የታችኛውን ምክር ቤት ካለፈ በኋላ የመኳንንቱ ምክር ቤት በ178 ለ130 ጥሎታል። በ1829 ያው የመኳንንት ምክር ቤት በ217 ለ112 ተቀበለው። በአራት ዓመት ውስጥ አዲስ የሃይማኖት ክርክር አልመጣም። የመጣው ክሌር ነው። ለዓመታት መብቱን ሲቃወሙ የኖሩት ፒል ረቂቁን ራሳቸው ያቀረቡት አየርላንድ ወደ እርስ በርስ ጦርነት እንዳትገባ ሰግተው ነው።

ሁለተኛው ሕግ በአየርላንድ አውራጃዎች ለመምረጥ የሚያስፈልገውን የይዞታ ዋጋ ከ40 ሺሊንግ (2 ፓውንድ) ወደ 10 ፓውንድ፣ ማለትም አምስት እጥፍ አሳደገው። ከ200,000 በላይ የነበሩት መራጮች ወደ 37,000 ገደማ ወረዱ። ደጋፊዎቹ ያቀረቡት ምክንያት ጭሰኛው የጌታው መሣሪያ ነው የሚል ነበር። ክሌር ያሳየው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ጭሰኛው ድምፁን የተነጠቀው መታዘዝ ባቆመ ማግስት ነው። ለካቶሊኮች መብት ሲሟገቱ የኖሩ እንደራሴዎችም በብዛት ዝም ብለው አሳለፉት። ኦኮኔል ራሳቸው በ1825 ለካቶሊኮች መብት ሲባል የጭሰኞቹን ድምፅ በመስጠት ልውውጥ ተስማምተው ነበር፤ በእኔ እምነት ከፖለቲካ ሕይወታቸው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ለየብቻ መታየት ነበረባቸው።

የመጀመሪያው ሕግ የተሠራው ከመጽደቁ በፊት ለተመረጡት እንዳያገለግል ተደርጎ ነው። ኦኮኔል በሜይ 15 ወደ ምክር ቤቱ ሲመጡ በአሮጌው መሐላ እንዲምሉ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ወንበራቸው ባዶ ተብሎ ክሌር እንደገና እንዲመርጥ ታዘዘ፤ በጁላይ ያለ ተቀናቃኝ አለፉ። ተቀናቃኝ ቢኖር ኖሮ ግን፣ ዓመት ቀደም ብለው ጌቶቻቸውን እምቢ ብለው የመረጧቸው አብዛኞቹ ጭሰኞች ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር።