ልጆች መጽሐፉን ይዘው ወደ ቤት ይሂዱ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ካስፈተናቸው ተማሪዎቻችን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ያን ጊዜ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ፈተናው አሰጣጥ ያልተባለ ነገር የለም። ያ ተፈታኝ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ እጁ የሚገባ የሚነበብ ነገር ነበረው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ለጅማ ልጆች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የሚያቅድ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ቢነሣ እወዳለሁ።

ዕቅድ ሲባል ሕንፃ ብቻ ይታየናል። ልጁ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት ነው። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑ ነፃ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ የሚለቀቀው እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ የመንግሥት ቢሮ ለምሳ የሚዘጋውም በዚያው ሰዓት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በቢሮ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ልጁ የተዘጋ በር ያገኛል፣ ወደ ቤቱም ይሄዳል፤ አንዴ የሄደ ልጅ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ሐምሌና ነሐሴም እንዲሁ ናቸው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድባት ከተማ የክረምት ከሰዓት በኋላ ውጭ የሚያስጫውት አይደለም። ለንባብ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም።

ቦታውን በተመለከተ ብዙ አልልም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጸጥታ ይፈልጋል፤ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካላነበበ አይማርም። ሁለቱን አንድ አዳራሽ ውስጥ ካስገባን የሚባረረው ትንሹ ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል፣ ጠባብም ቢሆን፣ ለልጆች ብቻ ይለይ። መቀመጫ ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ከአንድ እንጨት የሚጠረበው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ለልጅ ቁመት ልክ ነው፣ ሠሪዎቹም እዚሁ አሉ።

ሆዴን የሚበላኝ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች መጻሕፍት በመስታወት ቁም ሣጥን ተደርድረው፣ ቁልፍ ተንጠልጥሎባቸው አይቻለሁ። ሽፋናቸው አልተላላጠም፤ ጠርዛቸውን የጣት እድፍ አልነካውም። ቁልፉ የሚገኘው ፈቃድ ላይ በነበረች ሠራተኛ እጅ ነበር። በሠራተኛዋ ግን አልፈርድም። በመንግሥት ንብረት መቀበያ ቅጽ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ የሆነ መጽሐፍ በንብረት ማውጫ ቅጹ፣ በሞዴል 22፣ ወጥቶ በሠራተኛ ስም ሲመዘገብ፣ የጠፋ እንደሆነ የምትጠየቀው እሷ ናት። ከደመወዟ እንዳይቆረጥባት የምትፈራ ሴት መጽሐፍን ከልጅ እጅ ብትጠብቅ ምን ይገርማል?

ጅማ ለልጆቿ በእውነት ልታቅድ ከሆነ መፍታት ያለባት ይህንን ቋጠሮ ነው። የልጆች መጽሐፍ እንደ ጠረጴዛ ቋሚ ዕቃ ሳይሆን እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ይቆጠር። ይቀደዳል፤ ዝናብ ይነካዋል፤ አንዳንዱም ጠፍቶ ይቀራል። የሚጠፋውን ለመተካት በየዓመቱ ገንዘብ ይያዝ፤ ሠራተኛዋም ከዕዳ ነፃ ትሁን። ለመዋስ ገንዘብ ማስያዝ ይቅር፤ ወላጁ መታወቂያ ባይኖረው የትምህርት ቤቱ ማረጋገጫ ይበቃል። መጽሐፉ በፌስታል ተጠቅልሎ ቤት የገባ ዕለት ታናሽ እህቱም ታየዋለች፣ ማንበብ የማትችል እናቱም ስታስነብበው ታመሻለች። አዳራሽ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀር መጽሐፍ ይህን ሁሉ አያደርግም።

የሚገዛውም መጽሐፍ ይታሰብበት። በጅማ በአፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ አለ፤ በአማርኛ የሚማርም አለ። አንዱ ቁቤ ያነባል፣ ሌላው ፊደል። በእርዳታ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ማዶ ልጆችን የእንግሊዝኛ ችሎታ ታሳቢ ያደረገ መጽሐፍ ነው። የሰጠ አይወቀስም፤ ዕቅዳችን በስጦታ ላይ ብቻ ከቆመ ግን ልጁ በሚናገረው ቋንቋ የሚያነበው ሳያገኝ ያድጋል። በሁለቱም ቋንቋ ተጽፎ ለገበያ የቀረበውን መግዛት የከተማው ድርሻ ነው።

ከመሀል ከተማ ርቀው የሚኖሩትንስ? እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት ሐዋሳ ላይ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭኖ ለልጆች ማድረስ ጀምሮ ነበር። ለእኛ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሣጥን መጽሐፍ ይዞ የሚዞር ባጃጅ ይበቃናል። አንባቢ ሰውም አናጣም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ በሚያወጣበት በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ሲታወቅ የኖረ ተቋም ነው፤ የመረጃ ሳይንስ ትምህርት ክፍልም አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ተረት የሚያነቡ ወጣቶች ከዚያ ቢመጡ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ነው። ይሁንና በጎ ፈቃደኛ ሲመረቅ ይሄዳል። ቋሚዋ የልጆች ክፍል ሠራተኛ ደመወዝ ያስፈልጋታል።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ከተማው በሚያጸድቀው በጀት ውስጥ ሦስት ነገሮች ማየት እፈልጋለሁ፦ የአንድ የልጆች ክፍል ሠራተኛ ደመወዝ፣ በምሳ ሰዓትና ቅዳሜ ለሚሠራ ተረኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ለጠፉና ለተቀደዱ መጻሕፍት መተኪያ። የቀለም ቅቡና የአጥሩ ወጪ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።